አባቴ ማሳ ቆርሰው ሰጡኝ፣ ቀበሌው ግን «ቤት አይሠራበትም» አለኝ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች። ዕድሜዬ 27 ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከወረዳው ከተማ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው የምኖረው። ትዳር ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እስካሁን ከእናትና ከአባቴ ጋር በአንድ ግቢ ነን፤ እኔና ባለቤቴ የምናድርባት ክፍል ድሮ የጥጆች ማደሪያ የነበረች ናት። ማጀቱ አንድ ነው፣ ምድጃውም አንድ። ባለቤቴና እናቴ ክፉ ቃል ተነጋግረው አያውቁም፤ ግን ሁለቱም ዝም ማለት ካበዙ ቆዩ። አሁን ባለቤቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። «ወልጄ አራስ የምሆነው የራሴ ምድጃ ዳር ነው» ትለኛለች።

አባቴ በአራት ቦታ የተበተነ 5 ጥማድ መሬት አላቸው። ባለፈው ጥር «መንገድ ዳር ካለው ማሳ ግማሽ ጥማድ ውሰድና ጎጆ ውጣ» አሉኝ። ማሳው አንድ ጥማድ ተኩል ነው፤ መረሬ መሬት ነው፣ ጤፍ ይዘራበታል። በደስታ ያለኝን ሁሉ አራግፌ 40 ቆርቆሮ ገዛሁ፣ ባሕር ዛፍም አስቆረጥኩ። ከዚያ ቀበሌ ሄጄ ብጠይቅ «የእርሻ መሬት ነው፣ ቤት አይሠራበትም» አሉኝ። በወረቀት የሰጡኝ ነገር የለም። አንድ ደላላ ደግሞ «15,000 ብር ስጠኝና ፕላን አሠርቼ ፈቃዱን አወጣልሃለሁ» ይለኛል። ጓደኞቼ «ቅዳሜ ማታ ጀምረህ ሰኞ ጠዋት ቆርቆሮ አልብሰህ ጠብቃቸው፤ የቆመ ቤት ማን ያፈርሳል?» ይሉኛል።

አዲስ አበባ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ነገሩን ሰምቶ ደወለና «የአባቴ መሬት ሳልጠየቅ አይቆረስም» ብሎ ተቆጣ። እሱ ከደወለ ወዲህ አባቴ ወሬውን አያነሱትም። እናቴን ማንም አልጠየቃትም፤ እኔም ጭምር። ክረምቱ ሊገባ ነው። ምን ላድርግ?

ጎጆ መውጣት ያቃተኝ፣ ከሰሜን ሸዋ

መልስ

ወንድማችን፣ ደብዳቤህን ከጨረስን በኋላ ተመልሰን ያነበብነው አንድ መስመር አለ፤ «እናቴን ማንም አልጠየቃትም፤ እኔም ጭምር» ያልከው። እስቲ የይዞታ ደብተሩን ከሳጥን አስወጣና ግለጠው። በክልላችሁ በአማራ፣ ባልና ሚስት የያዙት መሬት ሲመዘገብ የሁለቱም ስም ተጽፎ፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ ተለጥፎ ነው። እንግዲህ አንተም ወንድምህም «የአባቴ» የምትሉት መሬት በመዝገቡ ላይ የሁለት ሰው ነው። አባትህ ብቻቸውን ፈርመው ቢሰጡህ፣ የወረዳው ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቅህ «ባለቤታቸውስ?» ብሎ ነው። ስጦታው እዚያው ላይ ይቆማል።

ፊርማው ግን ኋላ የሚመጣ ነው። እናትህ ምን ይሆን የሚያስቡት? ምናልባት ማጀታቸው ለብቻቸው ቢሆን ይወዱ ይሆናል። ምናልባት ልጃቸው መንገድ ዳር ወጥቶ ሲቀር፣ የልጅ ልጃቸውን ድምፅ ከግቢያቸው ሲያጡት እየታያቸው ይሆናል። ምናልባትም ጤፉ ነው የሚያሳስባቸው። ግማሽ ጥማድ 1,250 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ መሬታችሁ በሄክታር 16 ኩንታል ቢሰጥ ከዚያች ቁራሽ በየዓመቱ 2 ኩንታል ይታፈሳል። ጉልበታቸው እየደከመ ለሄደ ሁለት ሰዎች 2 ኩንታል ጤፍ ዓመቱን የሚያጋምስ ነገር ነው። ስለዚህ «ትፈርሚልኛለሽ ወይ?» ብለህ አትጀምር። ከቡና በኋላ፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ «እማዬ፣ እኛ የት ብንሆን ደስ ይልሻል?» በላቸው። ዝም ካሉም ጠብቃቸው፤ አታቻኩል።

ጓደኞችህ የሚመክሩህ ያው የጨረቃ ቤት ነው። ሰኞ ጠዋት ማንም ላያፈርሰው ይችላል፣ በዚህ አልተሳሳቱም። ጣጣው የሚመጣው ከሰኞ በኋላ ነው። መሬቱ በእናትና በአባትህ ስም ስለተመዘገበ፣ «የእርሻ መሬት ያለ ፈቃድ ለሌላ ጥቅም አውላችኋል» የሚለው ማስጠንቀቂያ የሚጻፈው በእነሱ ስም ነው፤ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት በር ላይ የሚመላለሱትም እነሱ ናቸው። አንተም መብራት ለማስገባት ቆጣሪ ስትጠይቅ የይዞታ ማስረጃ አምጣ ትባላለህ። ከሁሉ በላይ ግን ያ 4 ኪሎ ሜትር ያሳስበናል። የወረዳ ከተማ ሲሰፋ መንገድ ይዞ ነው የሚወጣው፣ የአንተ ማሳ ደግሞ መንገድ ዳር ነው። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ተፈልጎ ሲለቀቅ፣ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳ የሚከፈለው ሕጋዊ ባለይዞታ በሕጋዊ መንገድ ላፈራው ንብረት ነው። በሌሊት የቆመ ቤት የካሳ ገማቾቹ ቅጽ ላይ አይገባም። ያኔ ቤትህን ራስህ ነቅለህ ትሄዳለህ ማለት ነው።

ደላላው ላይ ብዙ አንቆይም። የሕንፃ አዋጁ፣ ቁጥር 624/2001፣ የግንባታ ፈቃድ ሥርዓቱን በዋናነት የዘረጋው 10,000ና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ነው። ከከተማ ክልል ውጪ፣ በገጠር ቀበሌ ለምትቆም አንዲት የመኖሪያ ጎጆ የተሣለ ፕላን መያዝ አያስፈልግህም። ለአንተ ፈቃድ ማለት የመሬት ፈቃድ ነው፤ እሱን የሚሰጠው ደግሞ የመሬት አስተዳደር ነው። በ15,000ው ብር በርና መስኮት ግዛበት።

አሁን ወደ «ቤት አይሠራበትም» እንመለስ። በቃል የተሰጠ «አይሆንም» ከኋላው ብዙ ዓይነት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ መፍቻውም እንደ ምክንያቱ ይለያያል። የመጀመሪያው በጣም ቀላሉ ነው፦ ቀበሌ የሄድከው አንተ ነህ፣ ባለይዞታው ግን አንተ አይደለህም። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ የአንተን ጥያቄ ተቀብሎ ቢወስን ራሱ ይጠየቃል። አመልካቾቹ እናትና አባትህ መሆን አለባቸው፤ አንተ ጉዳይ ተከታታይ ነህ። ከዚያ ቀጥሎ ማሳው በመዝገቡ «እርሻ» ተብሎ መያዙ አለ። ይህ ማለት የአጠቃቀም ለውጥ ይጠየቅበታል ማለት እንጂ ነገሩ ያለቀለት ነው ማለት አይደለም።

ሌላው የስፋት ነገር ነው። አንድ ጥማድ ተኩል ላይ ግማሹ ሲቆረስ የሚተርፈው አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ነው። ማሳ በውርስና በስጦታ ተቆራርሶ ተቆራርሶ ለአንድ ጥንድ በሬ መዞሪያ እንዳያጣ፣ ሕጉ ዝቅተኛ የይዞታ ልክ እንዲኖር ያዛል። ልኩን የሚወስኑት ክልሎች ናቸው፤ ለምሳሌ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ አዋጅ ቁጥር 130 ለዓመታዊ ሰብል 0.5፣ ለቋሚ ተክል 0.25 ሄክታር ብሎ ነበር። አንተ የወረዳውን ባለሙያ ስታገኝ «የሚቆረሰውስ ስንት መሆን አለበት? የሚተርፈውስ?» ብለህ ሁለቱንም ለይተህ ጠይቅ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው በሁለተኛው ቁጥር ነው፤ የሚወስደውን ብቻ ሲያሰላ የሚተወውን ይረሳዋል።

የመጨረሻው ምክንያት ከተማውና መንገዱ ነው። ይህን ለማወቅ ማመልከቻም አያስፈልግም፤ አንድ የገበያ ቀን ወደ ማዘጋጃ ቤት ጎራ ብለህ ማሳው በከተማው ፕላን ወሰን ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ጠይቅ። ገብቶ ከሆነ ቀበሌው ቢፈልግም ሊፈቅድልህ አይችልም፤ የከተማ ቦታ የሚተዳደረው በሊዝ አዋጁ፣ ቁጥር 721/2004 ነው። መንገዱም የራሱ ወሰን አለው፤ የሚለካውም ከመንገዱ መሃል መስመር እንጂ ከቦዩ ጫፍ አይደለም። ዛሬ ከቦዩ አሥር እርምጃ ርቆ የተተከለ ችካል መንገዱ ሲሰፋ ወሰኑ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ደፍረን እንናገርና፣ እኛ ብንሆን የመንገድ ዳሩን ማሳ እንተወው ነበር። ከላይ ያልነው ሁሉ ባይኖር እንኳ አፈሩ አለ። መረሬን ከእኛ በላይ ታውቀዋለህ፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ላዩ ላይ የቆመ ቤት በዓመት አንዴ ይነሳል፣ አንዴ ይወርዳል። የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ይህን አይችልም፤ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ ይሰነጠቃል፣ በሩም ክረምት ክረምት አልዘጋ ይላል። መድኃኒቱ ጥቁሩን አፈር ጠንካራው እስኪገኝ ቆፍሮ አውጥቶ፣ ገረጋንቲ በ20 በ20 ሴንቲ ሜትር ንብርብር እያጠጡ መጠቅጠቅ ነው። ይህ ለብቻው የቤቱን ግማሽ ወጪ ሊበላ ይችላል። አሮጌው ግቢያችሁን ግን ተመልከተው። የጥንት ሰው ቤት የሚቀልሰው ለእርሻ የማይመቸውን፣ ከፍ ያለና ውኃ የማይተኛበትን ቦታ መርጦ ነው። ግቢያችሁም እንደዚያ ከሆነ መሠረቱ ግማሽ ተሠርቶ የቆየህ ያህል ነው።

ለወረቀቱም ቢሆን ግቢው ይቀላል። የቤትና የጓሮ ቦታ በመዝገብ የተያዘው ለመኖሪያ ስለሆነ፣ እዚያው ውስጥ ሌላ ቤት መቀለስ የእርሻ መሬት አይነካም፤ የአጠቃቀም ለውጥ የሚለው ጥያቄ ይቀርልሃል። ያም ሆኖ ለቀበሌው በጽሑፍ ሳታሳውቅ መሠረት አትቆፍር። ደግሞስ ግማሽ ጥማድ ምን ያደርግልሃል? በ40 ቆርቆሮ የሚሠራውን እናስላ። ተደራርቦ ሲመታ አንዱ ቆርቆሮ 1.3 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ 40ው 52 ካሬ ሜትር ጣሪያ ነው። ክፍክፉንና የጣሪያውን ተዳፋት ስትቀንስ ከታች የሚቀርህ 5 በ7 ሜትር ቤት ነው። ለዚያ ቤት፣ ለማድ ቤት፣ ለመጸዳጃና ለአንድ ላም በረት 20 በ20 ሜትር ይበቃል፤ 400 ካሬ ሜትር፣ 0.04 ሄክታር። እዚያ ላይ ጤፍ ተዘርቶ ቢሆን እንኳ 64 ኪሎ ነው፤ ከ2 ኩንታል ጋር አይወዳደርም። ትንሽ የሚጠይቅ ሰው ኮሚቴውም ወንድሙም ፊት ይቀልለታል። አንድ ነገር ብቻ አትርሳ፦ የመጸዳጃው ጉድጓድ ከምንጭ ወይም ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከውኃው በታች በኩልም ይሁን።

ይህን ስንልህ ባለቤትህ ፊቷን ልታጨልም እንደምትችል ይገባናል። ከግቢ ሳይወጡ ጎጆ መውጣት ምን ዓይነት መውጣት ነው ልትል ትችላለች። እስቲ ጠይቃት፦ «የራሴ» ስትል ምን ማለቷ ነው? ርቀት ነው? ምድጃ ነው? ወይስ ሰው ሳያያት ገብታ የምትወጣበት በር? ምድጃና በር ከሆነ በአንድ ግቢ ውስጥም ይገኛል። አጥሩ መሃል ላይ ይዘጋል፣ በሩ በሌላ አቅጣጫ ይዞራል፣ ማድ ቤቱ ለብቻው ይሆናል። ሠላሳ እርምጃ ርቀት ላይ አያት መኖሩ ደግሞ ሕፃን ሲያተኩሰው በሌሊት ይታወቃል። የምትፈልገው ርቀት ከሆነ ግን «ምን ችግር አለው» ብለህ አታሳንስባት፤ ሁለት ዓመት በጥጆች ክፍል ችላለች።

ግቢው ጠባብ ከሆነ ወይም እሷ ርቀቱን ከፈለገች፣ ሰዎች የማያስቡት አንድ መንገድ አለ፤ ልውውጥ። ከመንደሩ ጫፍ፣ ጠንካራ አፈር ላይ መሬት ያለው ጎረቤት ለእሱ የሚቀርበውን የእናንተን ማሳ ሊፈልግ ይችላል። የተበጣጠሰ ማሳን በፈቃድ መለዋወጥን ሕጉ ራሱ ያበረታታል፤ 1997 ላይ የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ይህን በግልጽ አስቀምጦት ነበር። የሁለቱም ወገን ባልና ሚስት ይፈርማሉ፣ ወረዳው ይመዘግባል። በልውውጥ ወይም በስጦታ ስም ሽያጭ ግን አትሞክር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ «ተለዋወጥን» ተብሎ ብር የተቀበለ ሰው ነገ ቢክድህ የምትከስበት ወረቀት የለህም።

ወንድምህን በተመለከተ፣ ቃሉን እንደጻፍከው እንውሰደው። «ሳልጠየቅ አይቆረስም» ነው ያለው፤ «አይሰጠውም» አላለም። ምን አልባት የከፋው መሬቱ መቆረሱ ሳይሆን ከሰው አፍ መስማቱ ይሆን? የሕጉን ነገር ካነሳን፣ የ1997ቱ አዋጅ ከወላጆች በስጦታ መሬት የሚያገኘውን የቤተሰብ አባል ሲተረጉም ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት የሚኖርና በእሱ መተዳደሪያ የሚተዳደር ሰው ነው ይል ነበር። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል፤ ዝርዝሩን ደግሞ የክልላችሁ አዋጅ ቁጥር 252/2009 ይዞታል። በጥቅሉ እዚያው ኖሮ እያረሰ ያለ ልጅ ሚዛኑ ይደፋለታል። ግን ይህን በስልክ አታንሳበት። አንተ ራስህ ደውል፤ አባትህን አታስደውል። «መንገድ ዳሩን ትቼዋለሁ፤ ግቢው ውስጥ 20 በ20 ሜትር ነው የምጠይቀው፤ መጥተህ ብታይልኝ» በለው። መምጣት ከቻለ ሁለት ሦስት ሽማግሌ ባለበት ተነጋገሩ፣ የተስማማችሁበትም ይጻፍ፦ የሚሰጠው ስፋትና አቅጣጫው፣ ቀሪው መሬት በእናትና በአባታችሁ እጅ እንደሚቆይ። ወንድምህን ከሌሎቹ ጋር ምስክር አድርገህ አስፈርመው። በምስክርነት የፈረመ ሰው ከዓመታት በኋላ ከሳሽ ሆኖ መቅረብ ይከብደዋል።

አባትህ ዝም ያሉት ሐሳባቸውን ቀይረው ነው ወይስ በሁለት ልጆች መሃል ተይዘው? መልሱን የምታውቀው አንተ ነህ። ስጦታው ተጽፎ እስኪመዘገብ ድረስ ቢተዉትም ይችላሉ። «ቃልዎን አጠፉ» ብለህ አትያዛቸው። ከወንድምህ ጋር መነጋገርህን ሲሰሙ አፋቸው ሳይፈታ አይቀርም።

የስጦታ ወረቀቱ ሲጻፍ ባለቤትህን አትርሳት። በቤተሰብ ሕጉ መሠረት በጋብቻ ውስጥ ለአንዱ ብቻ በስጦታ የመጣ ንብረት የዚያ ሰው የግል ነው፤ ሰጪው ለሁለቱ ብሎ ከሰጠ ግን የጋራ ይሆናል። ወረቀቱ «ለልጃችን» ብቻ ካለ፣ እሷ ጭቃ የምታቦካበት፣ ሣር የምትሸከምበት ቤት የእሷ ባልሆነ ቦታ ላይ ይቆማል። «ለልጃችንና ለባለቤቱ» የሚሉ ሁለት ቃላት ይህን ይለውጡታል። ይህን ለእሷ ስትነግራት ርቀቱ ላይ ያላት ሐሳብ ራሱ ሊለዝብ ይችላል።

ማመልከቻው እንዲህ ይሁን። በእናትና በአባትህ ስም፣ ለቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ይጻፍ፤ ግልባጩ ለወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት። የማሳው መለያ ቁጥር፣ ጠቅላላ ስፋቱ፣ የሚቆረሰው ስፋት በካሬ ሜትር፣ የአራቱም አቅጣጫ አዋሳኞች ስም፣ የሚሠራው ምን እንደሆነ ይገለጽ። የደብተሩን ቅጂ፣ የአራታችሁንም መታወቂያ፣ የጋብቻ ማስረጃችሁን አባሪ አድርግ። ከማስገባትህ በፊት ስሞቹን ፊደል በፊደል አስተያይ፤ ደብተሩ «ገ/ሥላሴ» ብሎ መታወቂያው «ገብረሥላሴ» ካለ፣ ወይም የእናትህ አያት ስም አንዱ ላይ ከተዘለለ፣ ፋይሉ ወር ሙሉ የሚያድረው እዚህች ላይ ነው። ሁለት ቅጂ ይዘህ ሂድ፤ አንዱ ገቢ ይሁን፣ በሁለተኛው ላይ ቁጥርና ቀን ተጽፎበት ማኅተም ይረፍበትና አንተ ጋ ይቅር። ባለሙያ በየጊዜው ይዛወራል፤ አዲሱ ባለሙያ ፋይልህን የሚያገኘው በዚያ ቁጥር ነው። «አይሆንም» ከተባለም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ እናትና አባትህ ይጠይቁ፤ ወደ ወረዳው ቅሬታ ይዞ የሚሄድ ሰው መነሻው ያ ወረቀት ነው።

ከዚያ በፊት ደግሞ አባትህን ሁለት ነገር ጠይቃቸው፦ መሬቱን ለእኩል ወይም በኪራይ የሰጡት ሰው አለ? ለብድር ዋስትና የያዘው ተቋምስ? አንዱም ካለ ያ ሳያልቅ ወይም ሰውየው በጽሑፍ ሳይስማማ ማሳው አይከፈልም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ የመረጥከው ግቢው ከሆነ ልኬታውን ክረምት ሳይገባም ማስጨረስ ይቻል ይሆናል። እርሻ ማሳ ወይም ልውውጥ ከሆነ ግን ሰብል የቆመበትን መሬት ለመለካት የሚመጣ የለም፤ ታኅሣሥና ጥርን ጠብቅ፣ ማመልከቻው ግን አሁኑኑ ገብቶ ወረፋ ይያዝ። በልኬታው ቀን እናትና አባትህ፣ አዋሳኞቹም ሁሉ ማሳው ላይ ይገኙ። አንድ አዋሳኝ ከቀረ «እኔ በሌለሁበት» የሚል አቤቱታ ይዞ ይመጣል። ሲከፈል አሮጌው መለያ ቁጥር ተሰርዞ ሁለት አዲስ ቁጥር ይወጣል፤ አዲሱ ደብተር ሲሰጣችሁ እዚያው ቆማችሁ ስሙን፣ ስፋቱንና አዋሳኞቹን አንብቡ። ከጽሕፈት ቤቱ ከወጣ በኋላ የተገኘ ስሕተት ማረሙ ከመጀመሪያው ምዝገባ ይረዝማል።

ይህን ሁሉ አስበን ስንደምረው፣ የባለቤትህ መውለጃ ከጥቅምት አያልፍም፣ ቤቱ ግን ከጥቅምት በፊት አያልቅም። በክረምት የተመረገ ግድግዳ አይደርቅም፣ መሠረትም ውኃ ይሞላዋል። ይህን ከሰው ከምትሰማ ዛሬ ማታ ከአንተ ትስማው። ምድጃው ግን ሊደርስ ይችላል። አሁን ካለችው ክፍላችሁ አጠገብ፣ በዚያው የመኖሪያ ግቢ ውስጥ፣ 3 በ3 ሜትር ማድ ቤት ዝናቡ ሳይጠና ሊቆም ይችላል። ከቆርቆሮህ 11 ያህል ይወስዳል፤ ዋናው ቤት ሲደርስ ያንኑ ያህል ትገዛለህ። ጭሱ ከምትተኙበት እንዲርቅ በሩን ነፋስ ከሚመጣበት አዙረህ ሥራው፤ ባሕር ዛፉንም ቅርፊቱን ልጠህ፣ ወደ መሬት የሚገባውን ጫፍ የተቃጠለ ዘይት ቀብተህ ትከለው፣ ምስጥ እንዳይጀምረው። ሥፍራውን እናትህ ይምረጡላችሁ።

የቀሩት 29 ቆርቆሮዎች መሬት ላይ ተነባብረው ተኝተው ከሆነ ዛሬውኑ አንሳቸው። በመሃላቸው እርጥበት ከገባ አንድ ክረምት ሳይሞላ ነጭ ዝገት ያወጣሉ፣ ዚንኩም ይበላል። ጣሪያ ሥር አስገብተህ፣ ከታች እንጨት አንጥፈህ፣ ውኃ እንዲንጠባጠብ በአንድ ጎን ከፍ አድርገህ አስደግፋቸው፤ ከአመድና ከሲሚንቶም አርቃቸው።